የ2018 ስልክ በ2018 ዓ.ም.

እህቴ ከጅዳ 18 ሺህ ብር ላከችልኝ። ለእኔ እንኳ አይደለም፤ ለእናታችን ስልክ እንድገዛበት ነው። «ፊቷን ካየሁ ሦስት ዓመት አለፈኝ። ኢሞ አስተካክሎ የሚሠራ ስልክ ግዛላት። ርካሽ ነገር አንስተህ እንዳትሄድ ደግሞ!» አለችኝ። እናታችን የምትኖረው አርሲ፣ ሁሩታ ነው። እስከዚያን ጊዜ ድረስ የያዘችው ባለቁልፍ ስልክ ሲሆን ለመደዋወልም ሆነ በ*127# ቴሌብር ለመቀበል አስቸግሯት አያውቅም። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነበር፤ ፊት አያሳይም።

ይህ የሆነው በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ነው። ዓመተ ምሕረቱን ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

18 ሺህ ብር ለአንዳንዱ አንባቢ ብዙ ላይመስለው ይችላል። እህቴ ግን ገንዘቡን ያገኘችው የሰው ቤት ወለል ወልውላ፣ የሰው ልጅ አዝላ ነው። ስለዚህ ብሩ ሂሳቤ ውስጥ ከገባ በኋላ ሁለት ሌሊት በቅጡ አልተኛሁም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እንቅልፍ የነሳኝ ሌላም ነገር ነበር፤ እሱን ቆይቼ እናገራለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት መገናኛ ወረድኩ። እዚያ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ፎቅና ምድር ቤቱ ሞባይል ቤት ብቻ ነው፤ አንዱን ሱቅ አልፈህ ሌላው ጋ ስትደርስ እዚያው የቆምክ ይመስልሃል። በሦስተኛው ሱቅ ልጁ ከመስታወቱ ሥር አንድ ስልክ አውጥቶ በሸሚዙ እጅጌ ወልወል አደረገና እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ፍላግሺፕ ነው። ሳምሰንግ ኤስ 9። ስላይትሊ ዩዝድ። የ2018 ሞዴል! 20 ሺህ ነበር፣ ለአንተ 15 ሺህ 500።»

የ2018 ሞዴል ሲለኝ ጆሮዬ ለጊዜው ተታለለ። 2018 እኮ አሁን ያለንበት ዓመት ነው! ልጁ አልዋሸም፤ እንዲያውም እውነቱን ነው የተናገረው። ኤስ 9 ለገበያ የቀረበው በፈረንጆቹ መጋቢት 2018 ነው፤ በእኛ መጋቢት 2010 ዓ.ም. መሆኑ ነው። እኔ ያኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ የሆነው ስልክ፣ በሁለት የዘመን አቆጣጠር መሐል ገብቶ ዘንድሮ የተወለደ መሰለ። ስንት ሰው በዚህች የቁጥር መመሳሰል ተሸውዶ ይሆን ብዬ አሰብኩ።

ግን ስልኩ ያምራል። ይህን መካድ አልችልም። ጠርዙ እንደ ውኃ ወደ ጎን የሚፈስ መስታወት ነው። አዲስ በነበረ ጊዜ አሜሪካ ውስጥ 720 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር፤ ያ የክብር ነገር አሁንም ላዩ ላይ አልጠፋም። ካሜራውን ከፍቼ የልጁን ፊት ባነሳው ጊዜ ጨለም ባለው ሱቅ ውስጥ ቅንድቡ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከጎኑ በ12 ሺህ 600 ብር ፓኩ ያልተፈታ አዲስ አይቴል ነበረ። ፕላስቲክ ነው፤ ቀለሙም የሳሙና ማስቀመጫ ይመስላል። ልጁ እሱን ሳነሳ ፊቱን ትንሽ አጨፈገገ። «እሱ የሽማግሌ ስልክ ነው» አለኝ። እኔም የምገዛው ለሽማግሌ መሆኑን ለመናገር አፈርኩ።

ሳልገዛ ተመለስኩ። የመጀመሪያው ጥሩ ሥራዬ ይህ ነው።

ዶርም ስደርስ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር የአልጋ ጎረቤቴን አማከርኩት። እሱ እንዲህ ያለውን ነገር ይወዳል። «ያገለገለ ስልክ ስትገዛ ስንት ጊጋ ራም አለው ብለህ አትጀምር። መጀመሪያ ሴቲንግ ግባና የአንድሮይዱን ቁጥርና የመጨረሻው የደኅንነት አፕዴት የተጫነበትን ቀን አንብብ» አለኝ። ሰኞ ከክፍል በኋላ አብረን ሄድንና አነበብን። አንድሮይድ 10፤ የመጨረሻው አፕዴት 2022 (የፈረንጆቹ)። ይህ የዚያ ስልክ ብቻ ችግር አይደለም። ኤስ 9 ሁሉ ከፋብሪካ በአንድሮይድ 8 ወጥቶ በ10 ቆሟል፤ ኩባንያውም የደኅንነት አፕዴት መላኩን በ2022 አቁሟል። ከዚያ ወዲህ በሲስተሙ የተገኘ ቀዳዳ ሁሉ በዚያ ስልክ ላይ ክፍት ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ስልካችን የገንዘብ ቦርሳችንም ሆኗልና ቀዳዳ ቦርሳ ማን ይይዛል?

ይህን ስል ግን ስልኩ ሞቷል ማለቴ አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አፕዴት ያቆመ ስልክ በማግስቱ አይዘጋም፤ ኢሞም ቴሌግራምም ሲከፈቱ አይተናል። ነገሩ መሰላል ነው። አፕሊኬሽኖቹ በየጊዜው ከታች ያለውን እርከን እያነሡ ይሄዳሉ። ዋትስአፕ በ2023 ከአንድሮይድ 5 በታች ያሉትን አሰናበተ። ክሮም ደግሞ በነሐሴ 2025፣ ማለትም እኛ መገናኛ ከመሄዳችን ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ አዲሱ ቅጂው አንድሮይድ 8 እና 9ን አይቀበልም አለ። የሚቀበለው ከ10 ጀምሮ ነው። ኤስ 9 እንግዲህ የቆመው በመጨረሻዋ እርከን ላይ ነው። ታላቅ ወንድሙ ኤስ 8 በ9 ስለቆመ ወድቋል። ቀጥሎ የምትነሣው እርከን የማን እንደሆነች ግልጽ ነው፤ መቼ እንደምትነሣ ግን ሻጩም ገዢውም አያውቁም።

በአይፎንም ያው ነው። በዶርማችን አይፎን ኤክስ የያዘ ልጅ እንደ ልዑል ነው የሚታየው፤ ኤክስ ግን በ2017 የወጣ ሲሆን በመስከረም 2023 የመጣውን 17ኛውን ሲስተም አላገኘም፤ በ16 ቀርቷል። አንድ በጎ ነገር ቢኖር የባትሪውን ጤና በመቶኛ ሴቲንግ ውስጥ ማየት መቻሉ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩት አይፎኖች 500 ጊዜ ሙሉ ቻርጅ ከተደረጉ በኋላ 80 በመቶ እንዲቀራቸው ታስበው የተሠሩ ናቸው። 500 ቀን ደግሞ ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም።

ወደ ኤስ 9 ልመለስ። ጓደኛዬ *#0*# ብሎ ደወለ። የመፈተሻ ገጽ መጣ። ቀዩን ሲነካው ስክሪኑ በሙሉ ቀይ ሆነ። ቀዩ ላይ ግርጌው ጋ አንድ ነገር አየን፤ የኪቦርድ ጥላ። ማን እንደሆነ የማናውቀው ሰው ለዓመታት ሲጽፍ የኖረበት የፊደል ሰሌዳ እንደ ንቅሳት ስክሪኑ ላይ ቀርቷል። በተራ ገጽ ላይ አይታይም። ልጁ «ይሄማ ሁሉም ላይ አለ» አለን። ባትሪውን ስንጠይቀው «ሁለት ሺህ ጨምር፣ አዲስ ይቀየርልሃል» አለ። መቀየር ይቻላል፤ ነገር ግን ጀርባው በሙጫ የተጣበቀ መስታወት ስለሆነ በሙቀት ነው የሚነሣው፤ ከዚያ በኋላ ውኃ አያስገባም የሚባለውን ነገር መርሳት ነው። ባትሪው አዲስ ቢሆን እንኳ 3000 ሚሊአምፒር ነው፤ የአይቴሉ 5000። ሊትየም አዮን ባትሪ ደግሞ ሳይነካ ተቀምጦም ያረጃልና የሚቀይሩልን «አዲስ» መቼ እንደተሠራ ማን ያውቃል።

ማታ ደብተሬን አውጥቼ ሒሳብ ሠራሁ። የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ፤ ስለ እርጅና ቅናሽ ስንማር ምሳሌው ሁልጊዜ መኪና ነው፣ ካልሆነም ማሽን። ስልክ ቀርቦልን አያውቅም። ኤስ 9 ከነባትሪ ቅያሪው 17 ሺህ 500 ብር፤ አንድ ዓመት ተኩል ቢያገለግል በወር 972 ብር ይመጣል። አይቴሉ 12 ሺህ 600፤ ሦስት ዓመት ቢያገለግል በወር 350። እውነቱን ለመናገር 18 ወሩንም 36 ወሩንም ያመጣሁት ከራሴ ጭንቅላት ነው። መምህራችን የአገልግሎት ዘመን ግምት ነው ይሉን የነበረው ያኔ ገባኝ። አይቴሉም ቢሆን ብዙ አፕዴት ያገኛል ብዬ አልጠብቅም፤ የሚነሣው ግን ከአንድሮይድ 14 ነው፤ ከመሰላሉ ሥር አራት እርከን ከፍ ብሎ። ለአድልዎ እንዳይመስልብኝ ሁለቱንም እኩል 24 ወር ሰጥቼ ደግሜ ሠራሁት። 729 እና 525። አሁንም ቅናሽ የተባለው ነው የተወደደው።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። ሒሳቡን እየሠራሁ ልቤ ኤስ 9 ላይ ነበር። የእኔ ቴክኖ ስክሪኑ ተሰንጥቋል፤ ካሜራውም ደብዝዟል። እናም ያሰብኩት እንዲህ ነበር፦ ኤስ 9ን እኔ ልያዘው፤ የእኔን ቴክኖ ስክሪን አስቀይሬ ለእማዬ ልስጣት። ኢሞ ይሠራል፤ ፊት ያሳያል። እህቴ ያለችው ኢሞ የሚሠራ ስልክ አይደል? እናቴስ ምን ታውቃለች፣ ለእሷ ስልክ ስልክ ነው። ይህን ሁሉ በልቤ ክርክር አሸነፍኩ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው።

ማክሰኞ ማታ እህቴ ደወለች። እኔ ስለ ዋጋ ልታወራኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። «ገዛህ እንዴ?» አለች። «እያየሁ ነው» አልኳት።

«እሺ፣ ሰፋ ያለ ስክሪን ይሁን። ፊደሉንም ትልቅ አድርግላት። ዓይኗ ደክሟል እኮ፤ ባለፈው ቁጥር ተሳስታ ሌላ ሰው ጋ ደውላ ነበር። አልነገረችህም?»

አልነገረችኝም። እኔ በአውቶቡስ ሄጄ ላያት የምችል ልጇ፣ በየሁለት ወሩ ገበታዋ ላይ የምቀመጥ፣ ዓይኗ መድከሙን የሰማሁት ከጅዳ ነው። ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ደብተሬን ሳልከፍት ተኛሁ። ረቡዕ አይቴሉን ገዛሁ። ስክሪኑ 6.6 ኢንች ነው፤ የኤስ 9 ደግሞ 5.8። ሁሩታ ደግሞ መብራት ሲጠፋ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅምና 5000ው ባትሪ ከካሜራ ይበልጣል። ከተረፈው 5 ሺህ 400 ብር ፓወር ባንክና መሸፈኛ ጨመርኩ፤ የመሄጃ የመመለሻዬን ቀነስኩ (ይህን አልክድም)፤ ቀሪውን እናቴ እጅ ላይ ቆጠርኩላት።

ኤስ 9ን የገዛው ማን እንደሆነ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ያው ጓደኛዬ ነው! የኪቦርዱን ጥላ እያሳየ ተከራክሮ በ14 ሺህ ወሰደው። ለእሱ ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ቻርጀር ሁልጊዜ ከራስጌው አለ፤ ቢበላሽ ጥገና ቤቱ ከበር ላይ ነው፤ የባንክ አፕሊኬሽን አልጫነበትም፤ ባትሪውንም ሲያልቅበት እቀይራለሁ ብሎ ትቶታል። በቀን ሁለቴ ቻርጅ ያደርጋል፤ የሚያነሳው ፎቶ ግን ያስቀናኛል። አንድ ቀን ያ እርከን ሲነሣበት ምን እንደሚል አብረን እናያለን።

ከአይቴሉ ጋር የተፈጠረው ሌላ ነው። መጀመሪያ ቀን እህቴ በኢሞ ስትደውል እናቴ ስልኩን ከጆሮዋ ጋር ለጠፈችውና እህቴ ለአምስት ደቂቃ ያህል ሻሽዋን ብቻ ስታይ ቆየች። አስተካክዬ ያዝኩላት። ምስሉ ጨለም ብሏል። «ምነው፣ መብራት የለም እንዴ?» አለች እህቴ። መብራት ነበረ። ኤስ 9 ቢሆን ኖሮ ቅንድቧን ትቆጥር ነበር ብዬ በልቤ አሰብኩ፤ አልተናገርኩም። ከዚያ እህቴ ዝም አለች፤ እናቴም ዝም አለች፤ እኔ ስልኩን ይዤ እጄ እስኪዝል ድረስ ሁለቱ ተያዩ።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በሳምንቱ እህቴ ደወለች። የእማዬ ስልክ ሁለት ቀን ሙሉ ዝግ ነው አለችኝ። ደነገጥኩ፤ ባትሪው ነው፣ አዲስ ነው ብለው ሸውደውኛል ብዬ ወዲያው ጎረቤታችን ጋ ደወልኩና እናቴን አገናኙኝ።

«ምን ሆኖ ነው ስልኩ፣ እማዬ? ባትሪው ቶሎ አለቀ?»

«ኧረ ምንም አልሆነ። አጥፍቼ ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጬው ነው፤ ትንሽ ይረፍ ብዬ።»