የልጄ መኪና የፊት እግር

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ዶላርም ስለ ቀረጥም አይደለም፤ ስለ አንዲት የልጅ መኪና ነው። የሞያሌን መንገድ የምትመላለሱ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ለእናንተም የሚሆን ነገር አለው።

ባለፈው ከሞያሌ ስመለስ ሁርሊንግሃም ቤታችን የደረስኩት አርብ ማታ ነው። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ተመልሼ መንገድ ልገባ ነበር። የኛን ሥራ የምትሠሩ ታውቁታላችሁ፤ በገዛ ቤታችን እንግዶች ነን። ልጆቻችን "አባዬ መጣ!" ብለው ያቅፉናል፣ ሻንጣውን ያያሉ፣ ከዚያ ወደ ስልካቸው ይመለሳሉ።

ያን ቀን የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጄ ሻንጣዬንም አላየ። በሪሞት የምትሄድ የጭነት መኪናውን ጭኑ ላይ አድርጎ ሳሎን ቁጭ ብሏል። የእውነተኛዋን አንድ አሥረኛ የምታክል፣ ሾክ አብዞርበር ያላት፣ ባትሪ የምትበላ መኪና ናት። አክስቱን ሱቅ እያገዘ ባጠራቀመው ገንዘብ፣ ከአንድ የሠፈር ልጅ ያገለገለች ነው የገዛት። እሁድ ከግቢው ልጆች ጋር ውድድር አለው።

"አባዬ፣ ፊቷ ሉዝ ነው" አለኝ።

"ላላ በል" አልኩት።

"ላላ" አለ፣ ግን አላልቶ ነው ያነበበው። ከዚያ ሳቀ። "አባዬ፣ በስዋሂሊ እኮ ላላ ማለት ተኛ ማለት ነው። መኪናዬ ተኝታለች?"

አብረን ሳቅን። ለካ ከሳቅን ቆይተናል።

መኪናዋ ቀጥ ብላ አትሄድም። ፍጥነት ስትጨምር የፊት ጎማዋ ይርገበገባል፣ ወደ ግራም ትጎትታለች። እኔም እንደ ነጋዴ አሰብኩና "ተዋት፣ ሌላ እገዛልሃለሁ" አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። "ሌላ አልፈልግም። ይህችን ራሴ ነኝ የገዛኋት" አለኝ። አፈርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አለን ቁልፍ ይዤ ተቀመጥኩ። እኔ ጭነት ላይ ገመድ ሳጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የላላ ነገር ካየሁ እስኪጮህ ድረስ ነው የምስበው። የፊቱን ብሎን ሁሉ በየተራ ጠመዘዝኩት። አንዱ መጀመሪያ እምቢ አለ፣ ከዚያ በድንገት ቀለለኝ፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይዞር ጀመር። የፕላስቲኩን ጥርስ በልቼዋለሁ። የቀረው ደግሞ ከመጥበቁ የተነሣ የመኪናዋ እግር እንደ እንጨት ደረቀ። ልጄ አንድ ቃል አልተናገረም። ዕንባው ብቻ ወረደ።

ከአርግዊንግስ ኮዴክ መንገድ ገባ ብሎ ዛፍ ሥር የሚሠራ ፉንዲ አለ። ሬዲዮ፣ ካውያ፣ ስልክ፣ ያልከፈተው ነገር የለም። ወደ እሱ ሄድን። የኔ ስዋሂሊ ከቁጥርና ከ"ቤይ ጋኒ" አያልፍም፤ ስለዚህ ልጄ አስተርጓሚ ሆነ። እኔ ቤት ውስጥ "ና፣ ብላ፣ ተኛ" የምለው ልጅ ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር በቁም ነገር ሲነጋገር ያየሁት የዚያን ቀን ነው።

ፉንዲው መፍቻ አላነሣም። መጀመሪያ መኪናዋን ከመሬት አንሥቶ የፊት ጎማዋን ከላይና ከታች ይዞ ነቀነቀ። ልጄን "ዓይንህን ጎማው ላይ አታድርግ፣ ከኋላው የሚንቀሳቀሰውን እይ" አለው። ከዚያ ግራና ቀኝ ይዞ ነቀነቀ። ላይና ታች ሲነቀንቁት ከተላወሰ ችግሩ ኩሽኔታው ወይም እግሩን የሚይዘው ነው፤ ግራና ቀኝ ሲነቀንቁት ከተላወሰ ደግሞ የመሪው ዘንግ ነው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ነገር አገኘ፦ የታችኛው ክንድ በፒኑ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ የመሪው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ክብ ማቀፊያ ተበልቷል፤ ሦስተኛው እኔ ያበላሸሁት ቀዳዳ ነው። ሦስተኛውን ሲናገር ቀና ብሎ አየኝና "ምዜ፣ ፖሌ ፖሌ" አለኝ። ይህን ማንም አልተረጎመልኝም።

ለክንዱ ከፕላስቲክ ጠርሙስ ስስ ሮንዴላ ቆርጦ ክፍተቱ ውስጥ አስገባ። ለመሪው ዘንግ በኳሷና በማቀፊያው መካከል ስስ ላስቲክ አድርጎ መልሶ ገጠመው። ኬንያ ፌስታል ከከለከለች ከ2017 ወዲህ ፌስታል እንደ ልብ አይገኝም፤ የዳቦ መጠቅለያ ነው የቆረጠው። "ይህ ለእሁድ ነው፤ በኋላ አዲስ ጫፍ ግዛ" አለው።

ለተበላው ቀዳዳ ሱፐር ግሉ ጠብ አደረገና ብሎኑን ሳያስገባ አስቀመጠው። "ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ አለዚያ ብሎኑ እዚያው ይቀበራል" አለ። ሲደርቅ ብሎኑን መጀመሪያ ወደ ኋላ አዞረው። ቀጭ ሲል የድሮውን ጥርስ አገኘ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ፊት የሚዞረው፣ ያውም በሁለት ጣት። ብረት ብረት ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ ብቻ ሰማያዊውን የብሎን ሙጫ ነካ አደረገ። ፕላስቲክ ላይ አላስነካውም፤ ሙጫው አንዳንዱን ፕላስቲክ ይሰነጥቀዋል።

በመጨረሻ የሾክ አብዞርበሩን የታች ጫፍ ፈትቶ ክንዱን ወደ ላይ አነሣና ለቀቀው። ክንዱ በራሱ ክብደት ወደቀ። ሌላውን፣ እኔ ያጠበቅሁትን፣ አንሥቶ ለቀቀው። እንደ ተነሣ ቀረ። ያን ብሎን ሩብ ዙር መለሰው፤ ወደቀ። የሆነ ነገር ተናገረ፣ ልጄም አማርኛውን ፍለጋ ትንሽ ተቸገረ። "አባዬ፣ ብሎኑ ላላ አይሁን ይላል። እግሩ ግን... መደነስ አለበት።"

ከዚህ የተሻለ ትርጉም አላውቅም። የሚያያይዘው ነገር ይጠብቅ፣ የሚንቀሳቀሰው ነገር ነጻ ይሁን። እኔ ሁለቱን አንድ አድርጌ ነበር።

እሁድ ጠዋት ጎማዎቹን አቃናን። የመሪው ዘንግ በአንዱ ጫፍ የቀኝ፣ በሌላው የግራ ጥርስ ስላለው መሃሉን ስታዞሩት ሳይፈታ ይረዝማል፣ ያጥራል። ልጄ ወለል ላይ ተኝቶ በአንድ ዓይኑ እያየ "ትንሽ... ትንሽ... በቃ!" ይለኛል። ውድድሩን ሦስተኛ ወጣ። መኪናዋ ግን እስከ መጨረሻው ቀጥ ብላ ሄደች።

ማታ ላይ ዕቃዬን ሳዘጋጅ መጣና "አባዬ፣ ያንተን መኪናስ?" አለኝ።

ከሸሪኬ ጋር የምንነዳት ፒክአፕ ፍጥነት ስትጨምር መሪዋ እጄ ላይ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወር አልፎታል። "ጎማ ባላንስ ነው" እያልኩ አሳልፌዋለሁ፤ ዕቃ ይዘገያል፣ ዋጋ ያመልጣል። ለልጄ ደስ ይበለው ብዬ ወረድኩ። በክሪክ አነሣናት፣ ድጋፍ አደረግንላት፣ ጎማዋን ላይና ታች ይዤ ነቀነቅሁ። ቋ አለ። ልጄ ጎንበስ ብሎ በስልኩ መብራት እያየ "እዚያ ጋ ነው" አለኝ።

ሰኞ መካኒኩ ሲፈታው የታችኛው ቦል ጆይንት ሊወጣ ምንም አልቀረውም። ከናይሮቢ ሞያሌ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከማርሳቢት ወዲያ ያለውን ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ፣ ማንም በቀስታ የማይነዳውን፣ አሰብኩት። ፒክአፗ ውስጥ ሁለት ሰው ነበርን የምንሆነው።

አንድ ቀን ዘገየሁ። ሸሪኬ ተቆጣ፣ አንድ ደንበኛም ከሌላ ገዛ። ይሁን። አስፋልቱ ሳይገባ፣ መንገዱ አጥንት በሚያራግፍበት ጊዜ፣ በየቆምንበት ወርደን ብሎን እንነካ ነበር። አስፋልቱ ሲመጣ መፍራት ተውን። መንገዱ ቢለሰልስም ብሎኑ ግን መላላቱን አልተወም። ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው፦ ከመነሣታችሁ በፊት ክሪክ አውጡ፣ ደጋፊ አድርጉ፣ ጎማውን ነቅንቁ። አምስት ደቂቃ ነው።

ሞያሌ ስደርስ ለልጄ "ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ብሎኖቹን አይተህ የላላውን አጥብቅ፣ እኔ ቅዳሜ እመጣለሁ" ብዬ ጻፍኩለት። ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው የሚመልስልኝ። ያን ቀን በፊደል መለሰ፣ አንድ ቃል ብቻ፦

"እጠብቃለሁ።"

"አጠብቃለሁ" ማለቱ ይሆናል፤ አ እና እ ገና ይምታቱበታል። አላረምኩትም። አርብ ማታ ቤት ገባሁ።