ለምጽ፤ ቃሉና ሕመሙ

የአንድ ኅብረተሰብ ቋንቋ የዕውቀቱ ብቻ ሳይሆን የፍርሃቱም ማኅደር ነው። አማርኛችን የቆዳን ሕመሞች በየመልካቸው ለይቶ በመሰየም የሚታማ አይደለም፤ ችፌን ከጭርት፣ ቋቁቻን ከማድያት፣ እከክን ከላሽ ለይቶ ይጠራል። «ለምጽ» ከሚለው ቃል ሲደርስ ግን ይህ ጥንቃቄ ይቋረጣል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ካህኑ መርምሮ ከሰፈር የሚያስወጣው ሰው ደዌ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ለምጽ ይባላል፤ ሶርያዊው ንዕማን በዮርዳኖስ ታጥቦ የነጻበትም ደዌ ለምጽ ነው፤ ዛሬ በሕክምና ቪቲሊጎ የሚባለው፣ ቆዳ ቀለሙን አጥቶ የሚነጣበት ሕመምም ያው ለምጽ ነው። በዚህም የተነሣ ብዙዎች ንጣቱን ሲያዩ የሚታያቸው ሥጋ ደዌ ነው።

ይህን የምጽፈው ነገሩ በራሴ ገላ ላይ ስላለ ነው። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ከአዘዞ ቀጥላ በምትገኘው በጠዳ አስተምራለሁ። የጣቶቼ ጫፎችና የከንፈሮቼ ዳር ነጥተዋል፤ በክንዶቼ መታጠፊያ ደግሞ የሚያሳክክ ችፌ አለብኝ። በክፍል ውስጥ የጠመኔው ብናኝና የቆዳዬ ንጣት ይመሳሰላሉ፤ እጄን ስታጠብ ይለያያሉ። ነጩ ቦታ አንድም ቀን አላመመኝም፤ እንቅልፍ የሚነሣኝ ችፌው ነው። ሰዎች የሚሸሹት ግን የማያመኝን ነው።

በመሠረቱ ቪቲሊጎና ሥጋ ደዌ አይዛመዱም። ሥጋ ደዌ ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ባገኘው ባክቴሪያ የሚመጣና ነርቭን የሚጎዳ ነው። በቆዳ ላይ የሚያወጣው ምልክት ፈዘዝ ያለ እንጂ እንደ ወተት የነጣ አይደለም፤ ቦታውም ብዙውን ጊዜ ይደነዝዛል። በቪቲሊጎ የነጣ ቆዳ ግን የጥጥ ንክኪ ሳይቀር ይሰማዋል፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። ይሁን እንጂ ይህን የምለው ፍርሃቱን ከራሴ አውርጄ በሌላው ላይ ለመጫን አይደለም። ሥጋ ደዌም ቢሆን የዓለም ጤና ድርጅት ካጠናቸው ባለሙያዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 ባቀረበው የጥምር መድኃኒት ሕክምና ይድናል። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርትም ሕሙማኑን ሲያክምና ባለሙያ ሲያሠለጥን ኖሯል። ስለዚህ የጥንቱ ፍርሃት ለሁለቱም የሚገባ አይደለም።

ቪቲሊጎ አንዳንድ ጊዜ ብቻውን አይመጣም። ገላን ሊጠብቁ የተሰለፉ የደም ሕዋሳት አቅጣጫቸውን ስተው ቆዳን ቀለም የሚሰጡትን ሕዋሳት እንደ ጠላት ሲያጠፏቸው ቆዳው ይነጣል። ይኸው የመከላከያ ሥርዓት በሌላ መልክ ሲዛባ ችፌ፣ ቅርፊት የሚያወጣው ሶሪያሲስ፣ ጸጉርን በክብ በክብ የሚያረግፈው የላሽ ዓይነት፣ ወይም የታይሮይድ ዕጢ መታወክ ይከተላል። እነዚህ ሕመሞች ቪቲሊጎ ባለባቸው ሰዎች ዘንድ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ አዘውትረው ይታያሉ። ሕክምናውም ዝምድናውን ይመሰክራል፤ ሩክሶሊቲኒብ የተባለው ቅባት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 ለችፌ፣ በ2022 ደግሞ ለቪቲሊጎ ተፈቅዷል። የአልትራቫዮሌት ጨረር ሕክምናም ለሦስቱም፣ ለሶሪያሲስ፣ ለችፌና ለቪቲሊጎ ያገለግላል።

ጀርመናዊው የቆዳ ሐኪም ኬብነር በ19ኛው መቶ ዘመን በሶሪያሲስ ላይ ያስተዋለው ነገር ደግሞ ይበልጥ ይመለከተናል። የተቧጨረ፣ የተፋቀ ወይም የተቃጠለ ጤነኛ ቆዳ ራሱ ሕመሙን ሊያወጣ ይችላል፤ በቪቲሊጎም እንዲሁ ነው። እንግዲህ ችፌው ያሳክካል፤ እናካለን፤ ያከክነው ቦታ ሊነጣ ይችላል። ንጣቱ ስለሚያሳፍር በሙቀትም ጊዜ ክንዳችንን እንሸፍናለን፤ ላቡ ችፌውን መልሶ ይቀሰቅሰዋል። «ደዌውን ያወጣል» ተብሎ የሚለጠፍ የሚያቃጥል ቅጠልም ንጣቱን ወደ አዲስ ቦታ ሊወስደው ይችላል። በዚህ አኳኋን ኀፍረት የመንፈስ ጉዳት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ በቆዳ ላይም ይጻፋል።

አንድ ቀን የአንድ ተማሪ አያት ልጁን ይዘው ወደ እኔ መጡ። በጉንጩ ላይ የደበዘዘ ክብ ነበረ። ዙሪያቸውን ቃኝተው ድምፃቸውን ዝቅ በማድረግ፣ «ልጄ፣ ይህ እንዳንተው ነው?» አሉኝ። ሌላ ማንንም ለመጠየቅ ያልደፈሩትን ነበር የጠየቁኝ። «እማማ፣ የሚለየው ሐኪም ነውና ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ የእኔው ዓይነት ቢሆንም አይጋባም» አልኋቸው። ሲመረመር ችፌ ሲድን ትቶት የሄደ መደብዘዝ ሆኖ ተገኘ፤ እንዲህ ያለው በጠይም ቆዳ ላይ ጎልቶ ይታያል፤ እንደ ወተት አይነጣም፤ በጊዜም ይመለሳል። የልጁም ቀለም በወራት ውስጥ ተመለሰ። በመካከሉ ግን ጓደኞቹ «ለምጻም» የሚል ስም አውጥተውለት ነበርና፣ ከቀለሙ ይልቅ ዘግይቶ የለቀቀው ስሙ ነው።

የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ከተቋቋመ ጀምሮ በርካታ የጤና መኮንኖችን ለገጠሩ አፍርቷል፤ በጠዳም የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ። ዕውቀቱ ከደጃችን ሳለ አያቲቱ ጥያቄያቸውን በሹክሹክታ ማቅረባቸው የባህል ሠራተኛውን ሊያሳስበው ይገባል። መምህሩ ስድቡን በክፍሉ ውስጥ ያስቁም፤ የሚያሳክከውን ልጅ አይቆጣ፣ ወደ ሕክምና ይላክ እንጂ። በዚህ ከፍታ ባለው ስፍራ ፀሐዩ የነጣ ቆዳን ስለሚለበልብ፣ ባርኔጣና ጃንጥላ ለያዘ ተማሪ ደንቡን ያላላለት። የተውኔት ደራሲና ሠዓሊው የተረገመን ሰው ለማሳየት ሲሹ ገላውን በነጭ ቀለም መዥጎርጎሩን ይተዉ። በየስብሰባው ሕዝብን የሚያነጋግረውም ሥጋ ደዌን ሥጋ ደዌ ብሎ፣ ለምጽን ለቪቲሊጎ ብቻ አስቀርቶ፣ ሁለቱንም ያለ ፍርሃት ይጥራ። ይህ መድኃኒት አይተካም፤ ሕመምተኛው እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ለሐኪም እንዲያሳይ ግን ያደርገዋል።