ያልተቆጠረው ትምህርት

ባለፈው መስከረም የልጅ ልጃችን ወረቀቷን ይዛ ከደሴ ወደ ገራዶ መጣችና ከደጃችን ካለው መደብ ላይ ተቀመጠች። በደሴ ከተማ ከሚገኝ ኮሌጅ የሁለት ዓመት የሂሳብ መዝገብ ትምህርቷን ፈጽማ፣ ብዙዎች ተፈትነው ጥቂቶች ብቻ ወደሚገቡበት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ፈተናውን አልፋ ነበርና እኛም ልንመርቃት ተነሣን። ፊቷ ግን የለቅሶ ደራሽ ፊት ነበር።

«አባባ፣ የተማርሁት አብዛኛው አይቆጠርልሽም አሉኝ። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሪ ተባልሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የለፋሁትን ውኃ በላው» አለችን። እናቷም በበኩሏ «እዚሁ ደሴ ሥራ ይዛ ትኑር፤ የአዲስ አበባን ኑሮ ማን ይችለዋል?» ብላ ልካብን ኖሯል።

እኛም በእርሷ ዕድሜ ሳለን ይኸው ነገር ደርሶብን ስለ ነበር ዝም ብለን ልንመክራት አልቻልንም።

አንባብያን እንደምታውቁት በአብነት ትምህርት ሥርዓት ተማሪ ከአጥቢያው መምህር ፊደሉንና ዳዊቱን፣ ጾመ ድጓውንም ያጠናል። ከፍ ያለውን ዕውቀት የሚያስመሰክርበት ቦታ ግን የታወቀ ነው። ለቅዳሴ ሰለልኩላ፣ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር አለ። ድጓን የሚያስመሰክር በጋይንት ወደምትገኘው ቤተልሔም ይሄዳል። ድጓን በየትም ደብር መማር ይቻላል፤ የድጓ መምህር ተብሎ ወንበር ሊዘረጋ የሚወድ ሰው ግን ቤተልሔም ገብቶ መመስከር አለበት።

እኛም በገራዶ አጠገብ ካሉት መምህራችን ዘንድ አራት ዓመት ድጓ ከተማርን በኋላ በ1964 ዓ.ም. ከሁለት ጓደኞቻችን ጋር ደበሎአችንን ለብሰን፣ አኮፋዳችንን አንግተን ተነሣን። በኩታበር አልፈን፣ የበሽሎን ቆላ ተሻግረን፣ በደላንታና በዋድላ አድርገን ጋይንት ገባን። (የወሎ ውሻ ተማሪን ይጮህበታል እንጂ አይነክሰውም ነበር። የሌላው አገር ውሻ ግን እንዲህ ያለ ወግ እንደሌለው የግራ ባታችን እስከ ዛሬ ይመሰክራል።)

የቤተልሔም የኔታ ፊት ቀርበን ከዘዮሐንስ መጀመሪያ ዜማችንን አሰማን። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ካደመጡ በኋላ እጃቸውን አነሡና «ይህን ከወዴት ተማርኸው?» አሉን። ነገርናቸው። «መልካም፤ እንግዲህ ከዘዮሐንስ ጀምር» አሉን። ከእኛ በፊት ትናንት የመጣው ሕፃን የሚቀመጥበት ጥግ ተሰጠን።

ያንን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። የተዋረድነው እኛ ብቻ ብንሆን ይቻል ነበር፤ የተዋረዱት ግን በብርድ ሌሊት ከእኛ ጋር ያነጉት የገራዶው መምህራችን መሰሉን። ምክንያቱን ያወቅነው ቆይተን ነው። የዜማው ምልክት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል ከተሠራ ወዲህ፣ ከቃሉ በላይ የሚጻፉት ይዘትና ድፋት፣ ጭረትና ርክርክ ዜማውን ይመሩታል። መጽሐፍ ከመጽሐፍ ሲገለበጥ አንዲት ጭረት ብትዘነጋ ተማሪው የተሳሳተውን እንደ ትክክለኛ ይወርሳል፤ የእርሱም ተማሪ እንዲሁ። የኔታ አንድ ሰው ከየት እንደ ተሳሳተ ሊያውቁ የሚችሉት ከመጀመሪያው ሲያዜም ሰምተውት ብቻ ነበር።

ይህን ግን ያን ጊዜ አላወቅንም፤ ልንመለስም ወስነን ነበር። በዚህ መካከል በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረኃብ ገባ። አንድ ነጋዴ የእናታችንን ቃል ይዞ መጣ፤ «ልጄ፣ አትምጣ። አንተ ከመጣህ ካለችን ቁራሽ ላይ አንድ አፍ ይጨመራል። እዚያው ለምነህ ብላ» የሚል ነበር። ስለዚህ ቤተልሔም የቆየነው ከትጋት የተነሣ ነው ብለን ብንናገር ሐሰት ይሆናል፤ መመለሻ ስላልነበረን ነው።

ከጥግ ተቀምጠን ስንጀምር ያልጠበቅነውን አየን። አብሮን የጀመረው ልጅ አንዱን ክፍል ለመያዝ ወራት ሲፈጅበት፣ እኛ ቃሉን በአፋችን ይዘነው ስለ መጣን የቀረን ምልክቱን ማቅናት ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ የተጣመመን ማቅናት አዲስ ከመማር የሚከብድበት ቦታም አለ፤ አንዳንዷን ድፋት ለመርሳት ሙሉ ክረምት ወስዶብናል።

በ1967 ዓ.ም. አስመስክረን ገራዶ ስንመለስ እናታችን በሕይወት ቆየችን። ከርሷ ቀጥሎ የሄድነው ወደ መምህራችን ነበር። አርጅተው ዓይናቸው ፈዝዞ ነበር። «እስቲ ዘዮሐንስን አሰማኝ» አሉን። እኛም ፈራን፤ እርሳቸው ባስተማሩን ዜማ እናሰማ ወይስ በቤተልሔሙ? በቤተልሔሙ አሰማን። ዝም ብለው እስከ መጨረሻው ሰሙንና ድጓቸውን ከማኅደሩ አወጡ፤ «እኔ እናቴን ጥዬ መሄድ አልሆነልኝም ነበር። ብርዑንና ቀለሙን አምጣ፤ ያንተ ዓይን ደኅና ነው» አሉን። ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ድረስ በየቀኑ ከፊታቸው ተቀምጠን የድጓቸውን ምልክት አቀናን። አንድ ጊዜ ብቻ «ይህችስ የኔ ትሻል ነበር» ብለዋል። እውነት ለመናገር፣ እኛም ትሻል ይመስለናል።

የልጅ ልጃችን ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ «እንግዲያስ ልሂድ?» ብላ ጠየቀችን። እኛም «ሂጂ» አልናት። ነገር ግን የዛሬ ተማሪ እንደ እኛ አኮፋዳ ይዞ ቁራሽ ለምኖ እንደማይማር እናውቃለንና ለማረሻ ያሰብነውን ወይፈን ሸጥን፤ እናቷም ከማኅበሯ ገንዘብ ተበደረች። የኮሌጅ ደብተሮቿን ቤት ልትተዋቸው ስትል ግን አስያዝናት።

በጥቅምት መጨረሻ ከአዲስ አበባ ደወለች። መምህሩ ትምህርቱን ከዴቢትና ከክሬዲት እንደ ጀመሩት፣ እርሷም በአሮጌው ደብተሯ ውስጥ አንድ ስሕተት እንዳገኘች እየሳቀች ነገረችን። ስሕተቱ ምን እንደ ሆነ ልትነግረን ስትጀምር እናቷ ስልኩን ከእጃችን ወሰደችና ጋቢው ለብርዱ ይበቃት እንደ ሆነ ትጠይቃት ጀመር።