የኅዳር ጢስ

ዶሎ ኦዶ ተቀምጦ ስለ አዲስ አበባ አየር መጻፍ ለሰሚው ግር ይል ይሆናል፤ ይሁን እንጂ ገናሌና ዳዋ ተገናኝተው ጁባ ከሚሆኑበት ከዚህ ቆላ ተነሥቼ፣ ባለፈው ኅዳር ወደ ወላጆቼ ቤት በወጣሁ ጊዜ ያየሁትን ሳልጽፍ ማለፍ አልሆነልኝም።

ዕለቱ ኅዳር 12፣ የቅዱስ ሚካኤል በዓል ነበር። እናቴ በዋዜማው አጥባ ገመድ ላይ የረሳችውን ነጠላ በበዓሉ ማታ ልታወርድ ብትወጣ፣ እንደ ኑግ የደቀቀ ጥላሸት ሰፍሮበት አገኘችው። «ምን ታደርገዋለህ ልጄ፣ ኅዳር ሲታጠን እኮ ነው» አለችኝ እያራገፈች።

የዚህ ልማድ መነሻ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር በመዲናይቱ ላይ የወረደው መቅሠፍት ነው። ዓለም የስፓኝ ኢንፍሉዌንዛ ያለው፣ የእኛ ሰው የኅዳር በሽታ ብሎ የሰየመው ያ ደዌ፣ አልጋ ወራሹን ራስ ተፈሪን ሳይቀር አልጋ ላይ ጥሎ፣ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሕዝቡን ከፈጀ በኋላ፣ ጕድፉን ጠርጎ ማቃጠልና አየሩን ማጠን በሽታን ያርቃል ተብሎ ታመነ። ከካህኑ ጥና የሚወጣውን ማዕጠንት ከመንጻት ጋር አያይዞ ላደገ ሕዝብ ይህ አሳብ እንግዳ አልነበረምና እኔ አልነቅፈውም። ነገር ግን ያን ጊዜ የሚነደው ጭድና ቅጠል ነበር፤ ዛሬ ፌስታልና ፕላስቲክ ነው።

ወሩም ለጢስ የተመቸ ነው። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከእንጦጦ ግርጌ በተዘረጋችው ከተማ ላይ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ከታች ይተኛል፤ ሞቃቱም ከላይ እንደ አክንባሎ ይከደንበትና፣ የከሰሉ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠሉና የአሮጌው ሚኒባስ ጢስ ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ መውጫ ያጣል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ መልካም ነው፤ አስቀድሞ የገባው ግን እያጨሰ ነው።

ሎንዶንም የታፈነችው በኅዳር ነበር፤ በእኛ አቈጣጠር ከኅዳር 26 እስከ 30 ቀን 1945 ዓ.ም. የድንጋይ ከሰል ጢስ ከጉም ጋር ተጋብቶ ከተማይቱን ቢጋርዳት፣ ሟቹ በመጀመሪያ ወደ 4,000 ተገመተ፤ በኋላ የመረመሩት ሊቃውንት እስከ 12,000 አደረሱት። የንጹሕ አየር ሕግ የወጣው ግን በ1948 ዓ.ም. ነው።

የጢስ ጉዳቱ ሳል ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን በእናቴ ነጠላ ላይ ያልታየው ነው፤ ከጠጕር ውፍረት ሠላሳ እጅ የሚያንሰው ብናኝ የአፍንጫንና የጕሮሮን ዘብ አልፎ እስከ ሳንባ ጓዳ ይዘልቃል፤ ከዚያም ወደ ደም ተሻግሮ የልብንና የአንጎልን ሥር ያውካልና፣ ዘመድ «ድንገት ወደቀ» ብሎ የሚያለቅስለት ሰው ለዓመታት ሲተነፍሰው የኖረው አየር ጥሎት ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ብናኝ የወሰነው የዓመት አማካይ ልክ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 5 ማይክሮግራም ሲሆን፣ አዲስ አበባ ይህን በብዙ እጥፍ ታልፋለች።

እኛ ቆለኞችም ነፋስ አለን ብለን የምንመጻደቅበት ነገር የለም። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ሻይ ጠርቶኝ ብገባ፣ ባለቤቱ ሕፃን አዝላ፣ በሦስት ጉልቻ መካከል ያልደረቀ እንጨት እፍ ትላለች፤ ሕፃኑ ያስላል፤ የጐጆው ጣራ እንደ ሬንጅ ጠቍሯል። ዓይኔን ስጠርግ አይታ ሣቀችና «ጢስ ትንኝ ያባርራል» አለችኝ። እኔም መልስ አልሰጠኋትም፤ ተነሥቼ የበሩን መጋረጃ ገልጬ አሰርሁት።