መኪና የሚወድ ልጅ ላላችሁ

ወግዲ ይሁን ከላላ፣ መካነ ሰላም ይሁን ሳይንት፣ በእኛ አገር በወሎ መኪና የሚወድ ልጅ የሌለበት ቀበሌ ያለ አይመስለኝም። ሽቦ አጥፎ መሪ፣ ቆርኪ ደርድሮ ጎማ፣ የተቀደደ ጀሪካን ቆርጦ ጋቢና ይሠራል። መኪናው ከዳገቱ ማዶ ገና ሳይታይ ድምፁን ሰምቶ «አይሱዙ ነው፣ ጭነት አለው» ይላል። እኛ ትልልቆቹ ስቀን እናልፋለን። እኔ ግን ስለዚህ ልጅ ዛሬ የምለው አለኝ።

ድምፅ ሰምቶ ሞተር መለየት ትልቅ ችሎታ ነው። ጎበዝ መካኒክ ኮፈን ከመክፈቱ በፊት ጆሮውን ይሰጣል፤ የኩሽኔትን ጩኸት ከቺንጋ ፉጨት ይለያል። የእኛ ልጅ ይህን ማንም ሳያስተምረው ጀምሮታል። ያለበት መሬት ራሱ ደግሞ አስተማሪ ነው። መካነ ሰላም 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ክዳኑ በደንብ ያልገጠመ ራዲያተር ውስጥ ያለ ውሃም 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 91 ገደማ ላይ ይፈላል። ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ በማርሽ ሳይዝ ፍሬን ብቻ የሚረግጥ ሾፌር ፍሬኑ ግሎ ይከዳዋል። ለዚህ ልጅ ፊዚክስ በየቀኑ በደጁ ያልፋል። የጎደለው «ለምን ይመስልሃል?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ነው።

እኔ ከወግዲ ወጥቼ ሥራ የለመድኩት ደሴ ጋራዥ ውስጥ ነው። ያስተማሩኝ ጋሼ መጀመሪያ ቁልፍ አላስያዙኝም። የተፈታ ዕቃ በናፍጣ አሳጠቡኝ፤ ከዚያ በተፈታበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ አስደረደሩኝ። ካምቢዮ ሲከፈት ጥርስ አስቆጠሩኝ። 10 ጥርስ ያለው 40 ጥርስ ያለውን ሲያዞር፣ ትንሹ አራት ጊዜ ዞሮ ትልቁ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ፍጥነቱ ቀንሶ ጉልበቱ ይጨምራል። ትምህርት ቤት ያስጨነቀኝ ክፍልፋይ እዚያ ቅባት በነካው እጄ ላይ ገባኝ። መኪና መውደዴ ሙያ የሆነው ያን ቀን ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በፊት የምወደው መሪውን መያዝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን መኪናውን የሚያስኬደውን ነገር ወደድኩ።

ታዲያ ይህን ሙያ ለልጆቻችን የምናቀርበው እንዴት ነው? «ፈተናው ካልመጣለት ጋራዥ ይገባል» እንላለን። ጎበዙን ለሐኪምነት እንመኛለን፣ ያልሆነለትን ለመካኒክነት እንተዋለን። የዚህ ሥሩ ሩቅ ነው። ማረሻችንን የሠራልንን ባለ እጅ «ቀጥቃጭ» ብለን ከማዕዳችን ያራቅን ሰዎች ነን።

አገራችን ወሎ ግን ሌላም ታሪክ አላት። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ የተሠራውን፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በባለ መንኮራኩር ጋሪ፣ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር መቅደላ አደረሱት። በጅዳና በበሽሎ ገደል ላይ መንገድ ተቆረጠ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር። የመጀመሪያው አውቶሞቢል ለአፄ ምኒልክ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ 40 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። በወሎ ተራራ ላይ ከባድ ነገር በመንኮራኩር ማንቀሳቀስ ንጉሥ እጁን ያስገባበት ሥራ ነበር። እኛ ለልጃችን እንዴት አሳነስነው?

እንደ እኛ ልጆች መኪና ይወድ የነበረው ጃፓናዊው ሶይቺሮ ሆንዳ በ1906 እ.ኤ.አ. በገጠር የተወለደ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነበር። መንደራቸው የመጣችውን መኪና ተከትሎ ሮጦ፣ መሬት ላይ የተንጠባጠበውን ዘይት አሽትቶ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። በ15 ዓመቱ ቶኪዮ ጋራዥ ሲገባ መጀመሪያ የተሰጠው ሥራ የባለቤቱን ሕፃን ማዘል ነበር። ያ ልጅ በ1948 እ.ኤ.አ. ዛሬ ዓለም የሚያውቀውን ኩባንያ መሠረተ። 

አሁን ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ አስቸኳይ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ወደ አገራችን እንዳይገባ ተከልክሏል። ከወግዲ ሥር የሚያልፈው ዓባይም ታች ወርዶ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀውና 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ባለው ግድብ ተርባይን ያዞራል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንስበትም። ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ለእኛ ዓይነት አገር የተሠራ ይመስላል። ነገር ግን ባትሪው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት አለው፤ ያልሠለጠነ እጅ ከነካው ይገድላል። ብልሽቱም በጆሮ ብቻ አይገኝም፣ በኮምፒውተር ይነበባል። ይህን የሚችል ባለሙያ ከሌለን መኪናው መንገድ ዳር ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ ጋራዡ ዛሬ የሚፈልገው በሒሳብም በፊዚክስም የበረታውን ልጅ ነው።

እናቶች፣ አባቶች፦ ልጃችሁ መኪና ከወደደ ትምህርቱን እንዲተው አትፍቀዱለት፤ ፍቅሩንም አትንቁበት። ሁለቱ አንድ ላይ ይሂዱ። ሴት ልጅ ብትሆንም እንዲሁ፤ ካምቢዮ ጾታ አይጠይቅም። መምህራን፦ ስለ ጉልበትና ስለ ሙቀት ስታስተምሩ ምሳሌያችሁን ከመናኸሪያው ውሰዱ። ልጆች፦ ቴክኒክና ሙያ ብትገቡም ዩኒቨርሲቲ ብትገቡም፣ ኩራታችሁ ሥራውን ማወቃችሁ ይሁን።

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ አዲስ አበባ ጋራዥ ያላችሁ የአገሬ ልጆች ደግሞ፦ በዚህ ክረምት እያንዳንዳችሁ አንድ ተማሪ አስጠጉ። ማደሪያውንና ምሳውን እኛ ተባብረን እንችላለን። እናንተ ማጠብን፣ መደርደርን፣ ጥርስ መቁጠርን አስተምሩት። ፈቃደኛ የሆናችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ የተማሪዎቹን ዝርዝር ከመምህራኑ ጋር ሆኜ አዘጋጃለሁ።