መሸኛ ያጣ ጥርስ

ከከተማ ወደ ከተማ ወይም ከሰፈር ወደ ሰፈር የቀየራችሁበትን ጊዜ እስቲ አስታውሱ። ዕቃው ከመታሰሩ በፊት ስንት ወረቀት ለማውጣት ደጅ ጠንታችኋል? ከቀበሌ መሸኛ፣ ከልጆች ትምህርት ቤት መልቀቂያ፣ ከመሥሪያ ቤት ክሊራንስ። ቤተ ክርስቲያናችሁም ብትሆን እንዲሁ አልለቀቀቻችሁም። ሽማግሌዎች ስለ እናንተ የሚያውቁትን በአንድ ገጽ ጽፈው፣ ማኅተም አሳርፈው፣ ለምትሄዱበት አጥቢያ የአባልነት መሸኛ ሰጥተዋችኋል። ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል? እንግዳ ሆናችሁ በምትደርሱበት ቦታ ታሪካችሁ እንደ አዲስ ከመጀመሪያው እንዳይጀመር ነው።

እንግዲህ ልጠይቃችሁ፤ የጥርስ ሐኪም ስትቀይሩስ ለጥርሳችሁ መሸኛ የጻፈላችሁ ማን ነው?

ጥያቄው ፈገግ ያሰኝ ይሆናል። ነገር ግን በእኔና በባለቤቴ ቤት ቀልድ አልነበረም። ሐኪሙ ራሱ ወደ ሌላ ሐኪም ሲልከን ሪፈር ይጽፍልናል። እኛው በራሳችን ምክንያት ስንቀይር ግን አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጃችንን እንወጣለን። ካርዳችንም ራጃችንም በቀድሞው ክሊኒክ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

እኛ የምንኖረው ድሬዳዋ ነው። ከተማችን በ1895 ዓ.ም የባቡር ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች እንደ መሆኗ ከጥንትም የሚመጣና የሚሄድ ሰው አጥታ አታውቅም። ነጋዴው፣ ሹፌሩ፣ መምህሩ ዛሬ ሳቢያን ቤት ተከራይቶ ታገኙታላችሁ፤ በዓመቱ ጅቡቲ ወይም አዲስ አበባ ነው ትባላላችሁ። ሐኪሞቹም እንደዚሁ ናቸው። የባለቤቴን ጥርስ የጀመረላት ሐኪም ሥራ ቀይሮ ከከተማው ሲሄድ ሕክምናው ገና እኩሌታው ላይ ነበር።

የተጀመረላት ሩት ካናል የሚባለው የጥርስ ሥር ሕክምና ነው። ይህን ያለፋችሁበት ታውቁታላችሁ፤ ላላለፋችሁበት በአጭሩ ልንገራችሁ። ሐኪሙ ጥርሱን ከላይ ይከፍትና የታመመውን ነርቭ ከውስጥ ያወጣል። በእያንዳንዱ ሥር ውስጥ ያለውን ቀጭን ቦይ ርዝመቱን በሚሊ ሜትር ይለካል፤ ያጸዳዋል። ብዙ ጊዜም በውስጡ መድኃኒት አኑሮ ለጊዜው በሚሆን መሙያ ይደፍነውና በሌላ ቀን ተመልሳችሁ እንድትመጡ ይቀጥራችኋል። በዚያ መሐል ያለው ሁሉ፣ ማለትም ስንት ቦይ እንደተገኘ፣ ርዝመታቸው፣ የገባው መድኃኒት፣ የተወጋችሁት ማደንዘዣ የሚገኘው በካርዱ ላይ ነው። ታካሚው የሚያውቀው ሕመሙን ብቻ ነው።

ባለቤቴ በዚያን ጊዜ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ክሊኒኩ ሌላ ሐኪም እስኪቀጠር እንድትጠብቅ ቢነግራትም ሕመሙ ሌሊት ሌሊት እየቀሰቀሳት መጠበቅ አልቻለችም። ወደ ሌላ የጥርስ ሐኪም ወሰድኳት። እርሱም አይቷት፣ «የቀድሞውን ራጅና የተሠራውን የሚያሳይ ወረቀት ብታመጡልኝ ከምነሳው ራጅ ቢያንስ አንዱ ይቀርልን ነበር» አለን። ለጥርስ የሚነሳ ራጅ ጨረሩ አነስተኛ ነው፤ አስፈላጊ ሲሆን ነፍሰ ጡርም ብትሆን ይነሳል። ያለ ምክንያት መደጋገሙ ግን ለማንም አይመከርም።

ወደ ቀድሞው ክሊኒክ ተመለስን። በእንግዳ መቀበያው ያለችው ልጅ ካርዱን በቀላሉ አገኘችው። ከዚያም፣ «ወደ ሌላ ክሊኒክ ከሆነ 800 ብር ይከፈላል» አለችን። የምን ሂሳብ እንደሆነ ብጠይቃት፣ «የማስተላለፊያ ነው፤ እንዲህ ነው አሠራሩ» ከማለት በቀር የምትጨምረው አልነበራትም። በጥርሱ ላይ እስከዚያ ቀን ለተሠራው ሁሉ ከፍለን ጨርሰናል፤ ዕዳ የለብንም። ወር ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ደግሞ 800 ብር በእኛ ቤት ትልቅ ነገር ነው።

ወጥተን ከከዚራ ዛፎች በአንዱ ጥላ ሥር ቆምን። ባለቤቴ የድሬ ልጅ ነች። «አቦ ክፈልና እንሂድ፤ እኔ የማስበው ጥርሴን ነው» አለችኝ። እኔ ደግሞ ስለምን እንደምከፍል ሳላውቅ መክፈል ከበደኝ። ባለትዳሮች የሆናችሁ እንዲህ ያለው ጥላ ሥር የሚደረግ ክርክር ወዴት ሊሄድ እንደሚችል ታውቃላችሁ። ገንዘቡ ተረስቶ፣ «አንተ ሁልጊዜ» እና «አንቺ ሁልጊዜ» ይጀመራል። እዚያ ሳንደርስ ባለቤቴ አንድ ነገር አሰበች። «እንግዲያው ተመልሰን በደንብ እንጠይቅ» አለችና እርሷው ቀድማ ገባች።

የጠየቀችው ሦስት ነገር ብቻ ነበር። «የኔ እህት፣ ይህ ገንዘብ የኮፒው ዋጋ ነው ወይስ ስለምንሄድ የምንከፍለው? ዋናውን ካርድ እናንተ ታስቀራላችሁ ወይስ ለእኛ ትሰጡናላችሁ? ደረሰኙስ ላይ ምን ተብሎ ይጻፋል?» ድምፅዋን አላነሣችም። ልጅቱ ግራ ገብቷት ኃላፊውን ጠራችው። እርሱም ጥያቄዎቹን ሲሰማ ትንሽ አሰበና ነርሱን አዘዘ። የካርዱ ሁለት ገጽ ኮፒ ተደረገ፤ ራጁ በመብራት ላይ ተደርጎ በስልካችን ፎቶ ተነሣ፤ ነርሱ የተሠራውን በግማሽ ገጽ አጠቃሎ ጻፈና ማኅተም ተደረገበት። 100 ብር ከፍለን ደረሰኝ ተቀብለን ወጣን።

ይህን የምነግራችሁ ስለ ቀረልን 700 ብር ብዬ አይደለም። በዚያች ግማሽ ገጽ ላይ ከተጻፉት መስመሮች አንዱ፣ ባለቤቴ አሞክሳሲሊን ጀምራ ሰውነቷ ላይ ሽፍታ ስለወጣ መድኃኒቱ እንደተለወጠላት ይናገራል። እርሷ የድሬ ሙቀት ያመጣው ሽፍታ ነው ብላ ከረሳችው ቆይታለች። አዲሱ ሐኪም ደግሞ ማዘዣው ላይ ያንኑ መድኃኒት ጽፎ ነበር! ወረቀቷን ሲያነብ ብዕሩን አንሥቶ ሰረዘውና ሌላ ጻፈላት። የእንዲህ ዓይነቱ መድኃኒት አለመስማማት በመጀመሪያው ጊዜ ሽፍታ ሆኖ ቢያልፍ በሁለተኛው እንዲሁ ቀላል ይሆናል ብሎ ዋስትና የሚሰጥ የለም። ባለቤቴንና በማሕፀንዋ ያለውን ልጅ ሳስብ፣ ያ መስመር በ800 ብር ምክንያት መደርደሪያ ላይ ሊቀር ነበር ብዬ ዛሬም ይሰቀጥጠኛል።

ታዲያ በካርዱ ላይ ያለው መረጃ የማን ነው? ይህ የእኛ ቤት ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነ ቆይቼ ተረዳሁ። በጀርመን አገር አንድ ታካሚ የጥርስ ሐኪሙ ስህተት ሠርታብኛለች ብሎ ስለጠረጠረ የሕክምና መዝገቡን ኮፒ ጠየቀ። ሐኪሟ የኮፒውን ወጪ ክፈል አለችው፤ የአገሩ ሕግም ይህን ይፈቅድላት ነበር። ጉዳዩ እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደርሶ በጥቅምት 2016 ዓ.ም ውሳኔ አገኘ። ታካሚው ምክንያቱን መግለጽ ሳያስፈልገው የመጀመሪያውን ኮፒ በነፃ የማግኘት መብት አለው፤ ሐኪሙ ሊያስከፍል የሚችለው ሰውየው አንድ ጊዜ ከወሰደ በኋላ ደግሞ ሲጠይቅ ነው ተባለ።

በአሜሪካም ሕጉ ለኮፒው ተመጣጣኝ ዋጋ መጠየቅን ይፈቅዳል፤ ዋጋው ግን ከእውነተኛው ወጪ ጋር የተያያዘ መሆን አለበት። ታካሚው የሕክምና ዕዳ አለበት ተብሎም መዝገቡ አይያዝበትም። በጆርጂያ ግዛት አንዲት ሴት የ170 ዶላር የኮፒ ክፍያ አልከፍልም በማለቷ መዝገቧን ከጥርስ ሕክምና ድርጅቱ ያገኘችው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይታ ነው። ድርጅቱ በመስከረም 2015 ዓ.ም ጉዳዩን ለመጨረስ 80,000 ዶላር ከፍሏል።

በእኛም አገር በ2016 ዓ.ም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። አዋጁ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች ይቆጥረዋል፤ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና የማግኘት መብት እንዳለውም ይደነግጋል። ይህን ማወቅ ጠብ ለመፍጠር አይደለም፤ ጥያቄያችን ልመና እንዳልሆነ እንድናውቅ ነው።

ለክሊኒኮቹም ፍትሐዊ እንሁን። ዋናው ካርድ እነርሱ ዘንድ መቅረቱ ትክክል ነው፤ ስለ ሠሩት ሥራ ነገ የሚጠየቁት በእርሱ ነውና። ወረቀት ዋጋ አለው፤ ጠቅልሎ የሚጽፈው ነርስም ጊዜውን ይሰጣል። ለዚህ ተመጣጣኝ ዋጋ ቢጠይቁ በደስታ ልንከፍል ይገባናል፤ ለሠራተኛ ደመወዙ እንደሚገባው እናምናለንና። ጥያቄው ያለው ሌላ ጋ ነው። ክፍያው የኮፒ ዋጋ መሆኑ ቀርቶ የመሄጃ ቅጣት ሲሆን፣ ታካሚው ሳይወድ እንዲቀር ወይም ባዶ እጁን እንዲሄድ ያደርገዋል። ቤተ ክርስቲያን አባሏ በመሄዱ ብታዝንም መሸኛውን አትይዝበትም፤ ደግሞም አታስከፍለውም። በጉባኤዎቻችን መካከል ክሊኒክ የከፈታችሁ ወንድሞችና እህቶች ብዙ ናችሁ። ይህቺን ነገር በእናንተ ዘንድ ጀምሯት፤ የሄደ ታካሚ በደንብ እንደተሸኘ ለሌሎች ሲናገር ትሰማላችሁ።

ለሌሎቻችን ደግሞ የሚረዱ ጥቂት ነጥቦች አሉኝ።

1ኛ. ሕክምና ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ። «በመካከል ብንቀይር የመዝገቤን ኮፒ እንዴት አገኛለሁ? ዋጋውስ ስንት ነው?» በሉ። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የሚሰጥ መልስ ዘወትር የለሰለሰ ነው።

2ኛ. ዋናውን ካርድ ሳይሆን ኮፒውን ጠይቁ። ራጁ በኮምፒዩተር የተነሣ ከሆነ በቴሌግራም እንዲልኩላችሁ ጠይቁ፤ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ቢላክ ጥራቱ አይቀንስም። በፊልም የተነሣ ከሆነ መብራት ላይ አድርጋችሁ በስልክ ማንሣት ከምንም ይሻላል።

3ኛ. ሙሉው ኮፒ ባይገኝ እንኳ ግማሽ ገጽ ማጠቃለያ አስጽፉ። የጥርሱ ቁጥር፣ የተሠራው፣ የቀረው፣ የተሰጠው መድኃኒትና ማደንዘዣ፣ ያልተስማማ ነገር ካለ፣ ቀኑ፣ ፊርማና ማኅተም ይኑርበት። ሐኪሞች በብዙ አገር በሚግባቡበት አቆጣጠር እያንዳንዱ ጥርስ ባለ ሁለት አሐዝ ቁጥር አለው። ለምሳሌ 46 ቢባል፣ 4 የቀኝ ታችኛው ረድፍ ነው፤ 6 ደግሞ ከመሐል ሲቆጠር ስድስተኛው ጥርስ ነው። ይህች ቁጥር ብቻዋን ከብዙ ማብራሪያ ታድናለች።

4ኛ. ክፍያ ስትጠየቁ የምን ክፍያ እንደሆነ በትሕትና ጠይቁ፤ ደረሰኝም ተቀበሉ። በደረሰኝ ላይ ስም የሌለው ክፍያ ብዙ ጊዜ ሲጠየቅ ይቀንሳል።

5ኛ. በቤታችሁ አንድ ማኅደር ይኑራችሁ። የአባት፣ የእናት፣ የልጆች የሕክምና ወረቀት በየስማቸው ይቀመጥ። ቤት ስትቀይሩ ከልደት ካርድና ከጋብቻ ምስክር ወረቀት ጋር አብሮ ይታሰር።

በመጨረሻም ለባለትዳሮች አንዲት ቃል። በሠርጋችን ቀን በጤናም በሕመምም ልንተሳሰብ በምስክሮች ፊት ቃል ገብተናል። ያ ቃል አንዳንድ ጊዜ በሆስፒታል አልጋ አጠገብ ሌሊቱን ማደር ይሆናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ትንንሽ ነገር ማወቅ ነው። የትዳር ጓደኛችሁ ድንገት ራሱን ቢስትና ሐኪም፣ «የማይስማማው መድኃኒት አለ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ምን ትመልሳላችሁ? ዛሬ ከእራት በኋላ ቴሌቪዥኑን ዝጉና እርስ በርስ ተጠያየቁ። መልሱን በወረቀት ጻፉት፤ ወረቀቱንም ሁለታችሁም በምታውቁት ቦታ አስቀምጡት።

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን።