ጠብ ጠብ የሚለው ቧንቧ

ሐይቅ ከተማ ባለው ቤታችን የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ሦስት ወር ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል ከረመ። ባለቤቴ «ኧረ ይህን ቧንቧ አንድ በለው» ስትለኝ መልሴ ሁልጊዜ «ነገ» ነበር። አንድ ምሽት ደግማ ስታነሳብኝ፣ መጽሐፈ ምሳሌ ጨቅጫቃ ሚስትን ከማያቋርጥ ነጠብጣብ ጋር እንደሚያመሳስል አስታወስኳት። ምንም አልመለሰችልኝም። ከቧንቧው ሥር የሞላውን ባልዲ አንሥታ ወጣች። ሌሊት ልጸልይ ተንበረከክሁ፤ የሚሰማኝ ግን ጠብታው ብቻ ነበር።

በማግስቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ከደሴ የግማሽ ኢንች ቧንቧና ቴፍሎን ገዛሁ። ዋናውን መዝጊያ ዘግቼ፣ የቀረውን ውሃ አፍስሼ፣ አሮጌውን በእንግሊዝ ቁልፍ ፈታሁት። በአዲሱ ጥርስ ላይ ቴፍሎኑን ቧንቧው በሚጠብቅበት አቅጣጫ ጠመጠምሁ። በችኮላ ስላሰርሁት አፈሰሰ፤ ፈትቼ በደንብ ደገምሁት። ያም ሆኖ አንድ ሰዓት አልፈጀብኝም።

ከዚያ ወደ ባለቤቴ ሄጄ «ይቅር በዪኝ፤ ጠብታው የእኔ ነበር» አልኋት። «እንግዲያው ባልዲውን አንተ መልሰው» አለችኝ፤ አብረን ሳቅን።

ባሎች ሆይ፣ ቃሉን በሚስቶቻችን ላይ ከማንሣታችን በፊት በእጃችን ያለውን ሥራ እንሥራ። ጌታ ይርዳን።